የደረቅ ማርቲኒ አዘገጃጀት፦ ቅዝቃዜን ከውሃ ጋር ማመጣጠን

ማርቲኒ ጂንና ደረቅ ቬርሙት ከበረዶ ጋር ተማስለው ከቀዘቀዙ በኋላ ተጠልለው በቀዝቃዛ ብርጭቆ የሚቀርቡበት፣ የሎሚ ልጣጭ ወይም የወይራ ፍሬ የሚታከልበት ኮክቴል ነው። ጂን ዋና መዓዛውን ከጥድ ፍሬ የሚያገኝና አብዛኛውን ጊዜ ከእህል የሚወጣ ጠንካራ መጠጥ ሲሆን፣ ቬርሙት ደግሞ መራራ ቅጠላ ቅጠልና ቅመማ ቅመም የተዘፈዘፈበት፣ ጥቂት ጠንካራ አልኮልም የተጨመረበት ወይን ጠጅ ነው። በዚህ መጠጥ ውስጥ ጭማቂም ሆነ ክሬም ወይም ሽሮፕ ስለማይገባ የአዘጋጁን ስሕተት የሚሸፍንለት ነገር የለም፤ ስለዚህም በቤቱ ለመሥራት የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል፦ ወይ ጉሮሮን የሚያቃጥል ለብ ያለ ጂን ይሆንበታል፣ ወይ ደግሞ መዓዛው የጠፋ፣ የቀጠነ ነገር ይወጣለታል። የመጀመሪያው ውጤት የመጣው ውሃውና ቅዝቃዜው ስላነሰው ነው፤ የሁለተኛው ምክንያት ውሃው ከልክ ማለፉ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እነዚህን ሁለት ነገሮች አንባቢው በእጁ እንዲቆጣጠራቸው ለማስቻል ሲሆን፣ ውድ ጂን ከመግዛት ይልቅ ጥሩ በረዶ ማዘጋጀት ለመጠጡ የበለጠ እንደሚጠቅመው ከወዲሁ መናገር ተገቢ ነው።

1. መጠጦቹን መምረጥ

በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት አንድ መጠጥ ጂን ተብሎ ለመሸጥ የአልኮል መጠኑ ከ37.5 በመቶ ማነስ የለበትም። ለማርቲኒ ግን ከ40 እስከ 47 በመቶ ያለው ጂን ይመረጣል፤ ምክንያቱም በኋላ ከበረዶው ቀልጦ የሚገባው ውሃ ደካማውን ጂን ይበልጥ ስለሚያዳክመውና መዓዛውን ስለሚያሳሳው ነው። ጠርሙሱ ላይ «ለንደን ድራይ» የሚል ጽሑፍ ካለ መጠጡ የግድ ለንደን ውስጥ ተሠርቷል ማለት አይደለም፤ ጂኑ ከቅመሞቹ ጋር እንደገና ተጣርቶ ካለቀ በኋላ ጣዕም የሚቀይር ነገር ወይም ለጣፋጭነት የሚሆን ስኳር እንዳልተጨመረበት የሚገልጽ የአሠራር ስያሜ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ ዓይነት ቢነሳ ይሻለዋል፤ በአበባና በፍራፍሬ መዓዛ የተሞሉት አዳዲስ ጂኖች ከቬርሙቱ ጋር ሊጋጩ ስለሚችሉ የመጠጡን መሠረታዊ ጣዕም ለመልመድ አይመቹም።

በጂን ውስጥ ከጥድ ፍሬ ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው ቅመም ድንብላል በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ ማእድ ቤት ያደገ ሰው መዓዛው ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። የጥዱን ነገር በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ጂን የሚሠራበት ጥድ በሰሜኑ የዓለም ክፍል የሚበቅል ቁጥቋጦ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ደጋ የሚታወቀው የሐበሻ ጥድ ዘመዱ ይሁን እንጂ ሌላ ዝርያ ነው። ስለሆነም ከግቢ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የጥድ ፍሬ ለቅሞ በአልኮል በመዘፍዘፍ «የቤት ጂን» ለመሥራት መሞከር አይገባም።

ከፍተኛው ስሕተት የሚፈጸመው በቬርሙቱ ላይ ነው፤ ስሕተቱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከግዢው ይጀምራል። «ማርቲኒ» የኮክቴሉ ስም ብቻ ሳይሆን በጣልያን አገር በቱሪን አቅራቢያ ቬርሙት የሚያመርት የታወቀ ድርጅት የንግድ ስምም በመሆኑ፣ ብዙ ገዢዎች ይህን ጽሑፍ ያዩበትን የመጀመሪያ ጠርሙስ አንሥተው ይሄዳሉ። ጠርሙሱ «ቢያንኮ» ወይም «ሮሶ» የሚል ከሆነ ግን መጠጡ ጣፋጭ ነው፤ ለደረቅ ማርቲኒ የሚያስፈልገው «ድራይ» ወይም «ኤክስትራ ድራይ» የሚል ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ድራይ የሚባለው ቬርሙት በሊትር ከ50 ግራም፣ ኤክስትራ ድራይ የሚባለው ደግሞ ከ30 ግራም ያነሰ ስኳር ሊኖረው ይገባል። ከፈረንሳይ የሚመጡት የኖይሊ ፕራትና የዶላን ደረቅ ቬርሙቶች በዚህ ረገድ አስተማማኝ ናቸው። በዚሁ የስም መመሳሰል ምክንያት በጣልያን ባርም ሆነ የጣልያን ልማድ ባለበት ሌላ ቦታ «ማርቲኒ» ብሎ ያዘዘ ሰው በብርጭቆ የተቀዳ ጣፋጭ ቬርሙት ሊቀርብለት ስለሚችል፣ ኮክቴሉን የፈለገ «ደረቅ ማርቲኒ፣ በጂን» ብሎ ቢያዝ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ስሕተት ከግዢው በኋላ የሚመጣ ነው። ቬርሙት የአልኮል መጠኑ ከ15 እስከ 18 በመቶ አካባቢ የሆነ ወይን ጠጅ እንጂ እንደ ጂን ዓመታትን የሚሻገር መጠጥ አይደለም፤ ጠርሙሱ ከተከፈተ ጀምሮ አየር እያገኘው ይለወጣል። በመደርደሪያ ላይ ወራት ያስቆጠረ፣ አቧራ የለበሰ የቬርሙት ጠርሙስ በየቤቱና በየባሩ ይገኛል፤ ብዙ ሰዎችም ቬርሙት አንወድም የሚሉት የተበላሸውን እንጂ ትኩሱን ቀምሰው ስለማያውቁ ነው። የተከፈተ ጠርሙስ በሚገባ ተከድኖ በፍሪጅ ውስጥ መቀመጥና በአንድ ወር፣ ቢበዛ በሁለት ወር ውስጥ ማለቅ ይኖርበታል። በማርቲኒ ብቻ ቶሎ የማያልቅ ከሆነ ትንሹን ጠርሙስ መግዛት፣ ወይም የተረፈውን በነጭ ወይን ምትክ ለዓሣና ለዶሮ መሥሪያ ማዋል ይቻላል። ከመጠቀም በፊት ጥቂት በብርጭቆ ቀድቶ ማሽተት ጥሩ ልማድ ነው፤ ትኩስ ቬርሙት የደረቀ ቅጠልና የአበባ ሽታ ይዞ ከኋላው ምሬት ይከተለዋል፣ የተበላሸው ግን ወደ ቡናማ ቀለም ያዘነብላል፣ ሽታውም ተቆርጦ የዋለ ፖም ወይም ኮምጣጤ ይመስላል። ለምሬቱ ምክንያት የሚሆነው ተክል በኢትዮጵያ ከሚታወቀው አሪቲ ጋር የአንድ ቤተሰብ በመሆኑ፣ አሪቲን በጣቱ አሽቶ የሚያውቅ ሰው ቬርሙት ውስጥ ምን መፈለግ እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል።

2. በረዶውን ማዘጋጀት

አንድ ግራም በረዶ ሲቀልጥ ከአካባቢው የሚስበው ሙቀት 80 ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለማቀዝቀዝ የሚበቃ ነው። በረዶው ሳይቀልጥ፣ ከፍሪዘር ይዞት በመጣው ቅዝቃዜ ብቻ የሚስበው ሙቀት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ስለዚህ መጠጡን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት የበረዶው መቅለጥ ሲሆን፣ መቅለጥ ባለበት ሁሉ ደግሞ ውሃ ይገባል፤ ውሃ ሳያስገቡ በበረዶ ማቀዝቀዝ አይቻልም። «ውሃ እንዳይገባበት» በሚል ሥጋት ለአምስት ሰከንድ ብቻ አማስሎ የሚቀዳ ሰው የሚያገኘው ለብ ያለ መጠጥ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ውሃው የማርቲኒ ሦስተኛ ግብዓት ተደርጎ መቆጠር አለበት፤ የአልኮሉን ማቃጠል ያበርዳል፣ በጠንካራው አልኮል ታፍኖ የነበረውን የቅመም መዓዛም ይከፍታል።

ለዚህ ሥራ የሚስማማው በረዶ ትልልቅ፣ ጠጣርና ደረቅ የሆነው ነው። የተፈጨ ወይም ስስ በረዶ ስፋቱ ስለሚበዛ በፍጥነት ይቀልጣል፣ አዘጋጁም መቆም ያለበትን ጊዜ ለመወሰን ፋታ አያገኝም። ከፍሪዘር ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ የቆየና በላዩ ውሃ የያዘ በረዶ ደግሞ ያ ውሃ ሳያቀዘቅዝ በቀጥታ መጠጡን ያቀጥነዋል፤ ስለዚህ በረዶው ከፍሪዘር የሚወጣው ሌላው ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው፣ አራት ሳንቲ ሜትር አካባቢ ጎን ያላቸው ኩቦች የሚሠራው የሲሊኮን ማስቀመጫ ለዚህ በቂ ነው።

ሽታን በተመለከተ በተለይ ለቤት ውስጥ አዘጋጆች አንድ ነገር መነሣት አለበት። ሥጋ፣ ቅቤና በርበሬ ባለበት ፍሪዘር ውስጥ ሳይከደን የቆየ በረዶ የእነዚህን ሁሉ ሽታ ይዞ ይቀራል፤ በሻይ ወይም በለስላሳ መጠጥ ውስጥ የማይታወቀው ይህ ሽታ በማርቲኒ ውስጥ ከመጀመሪያው ጉንጭ ጀምሮ ይሰማል። መፍትሔው በረዶው እንደጠጠረ ከማስቀመጫው አውጥቶ አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ከረጢት ማሠርና በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠቀም ነው። የሚሠራበትም ውሃ ለመጠጥ የሚታመን፣ ክሎሪን የማይሸት መሆን ይኖርበታል፤ አልኮል ስለተጨመረበት ብቻ ንጽሕና የጎደለው በረዶ ንጹሕ አይሆንምና፣ የቧንቧው ውሃ በማያስተማምንበት ቦታ የፈላና የተጣራ ወይም የታሸገ ውሃ መጠቀም ግዴታ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ደግሞ ቀልጦ እንደገና የጠጠረ በረዶ እርስ በርሱ ተጣብቆ ስለሚገኝ፣ እሱን ሰብሮ ከመጠቀም ይልቅ አዲስ መሥራት ይሻላል።

3. ብርጭቆውንና ዕቃዎቹን ማሰናዳት

ማርቲኒ በበረዶ ላይ ሳይሆን ከበረዶ ተለይቶ ስለሚቀርብ ከተቀዳበት ቅጽበት ጀምሮ መሞቅ ይጀምራል። ብርጭቆው ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በፍሪዘር ውስጥ መቆየት አለበት፤ ለዚህ ጊዜ ከሌለ በበረዶና በውሃ ሞልቶ መጠጡ እስኪዘጋጅ ማቆየትና በመጨረሻ ደፍቶ ማራገፍ ይቻላል። የብርጭቆው እግር ለውበት ብቻ የተሠራ አይደለም፤ የእጅ ሙቀት ወደ መጠጡ እንዳይደርስ ይከላከላል፣ ስለዚህ ሲያዝም በእግሩ ነው። መጠኑ ከ120 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ቢሆን ይመረጣል። በአንዳንድ ቦታዎች የሚቀርቡት ሰፋፊ ብርጭቆዎች ወይ ግማሽ ድረስ ባዶ ሆነው ይታያሉ፣ ወይ አዘጋጁን አብዝቶ እንዲቀዳ ይገፋፉታል፤ አብዝቶ የተቀዳ ማርቲኒ ደግሞ ሁለተኛው አጋማሹ ሞቆ ነው የሚጠጣው።

ከብርጭቆው ሌላ የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፦ ማማሰያ የሚሆን ወፍራምና ረጅም ብርጭቆ ወይም ትንሽ ጆግ፣ እጀታው ረጅም የሆነ ማንኪያ፣ የሻይ ማጥለያ፣ የሚሊ ሊትር ምልክት ያለው መለኪያ፣ እንዲሁም ስለታም ቢላዋ ወይም የድንች መላጫ። የባር ዕቃ ስብስብ መግዛት የግድ አይደለም። ለመለኪያነት ከሽሮፕ መድኃኒት ጋር የሚመጣው ምልክት ያለበት ትንሽ ኩባያ፣ በሚገባ ከታጠበ፣ ለዚህ ሥራ በጣም ይስማማል።

4. መለካት

የዓለም አቀፉ የባርማኖች ማኅበር ዝርዝር 60 ሚሊ ሊትር ጂን ለ10 ሚሊ ሊትር ደረቅ ቬርሙት ያዛል፤ ይህም ስድስት እጅ ለአንድ እጅ ማለት ነው። በዚህ መጠጥ አነጋገር «ደረቅ» ሲባል ቬርሙቱ አነስተኛ መሆኑን፣ «እርጥብ» ሲባል መብዛቱን ያመለክታል። ማርቲኒን ለሚጀምር ሰው ግን አራት ለአንድ፣ ማለትም 60 ሚሊ ሊትር ጂን ለ15 ሚሊ ሊትር ቬርሙት የተሻለ መነሻ ነው። ቬርሙቱ ትኩስ ከሆነ የጂኑን ጠርዝ አለስልሶ የራሱን የቅጠል መዓዛ ይጨምራል፣ ከዚያ በኋላ በየጊዜው አምስት ሚሊ ሊትር እየቀነሱ ወይም እየጨመሩ የራስን መጠን ማግኘት አያስቸግርም። ቬርሙቱን በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ብቻ አንከባሎ መድፋት እንደ ብልኃት ሲነገር ይሰማል፤ እንዲህ የሚጠጣው ግን ቀዝቃዛ ጂን እንጂ ማርቲኒ አይደለም።

በዓይን ግምት መቅዳት እዚህ ላይ አይሠራም፤ በረጅም ብርጭቆ በሚቀርብ መጠጥ ውስጥ የማይታወቅ የአምስት ሚሊ ሊትር ልዩነት በዚህ መጠጥ ውስጥ ጣዕሙን ይለውጠዋል። ምልክት ያለው መለኪያ ከጠፋ፣ የአረቄ መለኪያም ቢሆን ይበቃል፤ ዋናው ምጥጥኑ ስለሆነ፣ በዚያው መለኪያ አራት ጊዜ ጂን አንድ ጊዜ ቬርሙት እየተቀዳ ለብዙ ሰው ማዘጋጀት ይቻላል።

5. ማማሰል

በማማሰያው ብርጭቆ ውስጥ መጀመሪያ ቬርሙቱ፣ ቀጥሎ ጂኑ ይገባል፤ ርካሹ ከቀደመ በልኬት ላይ ስሕተት ቢፈጠር የሚደፋው እሱ ይሆናልና። በመጨረሻ በረዶው ብርጭቆውን ሁለት ሦስተኛ ያህል እስኪሞላና ከፈሳሹ በላይ እስኪታይ ድረስ ይጨመራል። በረዶን መቆጠብ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሁለት ሦስት ኩብ ብቻ ሲገባ መጠጡ ሳይቀዘቅዝ በረዶው ያልቃል፣ ብዙ ሲገባ ግን ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ማንኪያው እስከ ታች ገብቶ፣ ጀርባው የብርጭቆውን ግድግዳ እየነካ፣ በረዶው በአንድነት እንዲዞር ተደርጎ በዝግታ ይማሰላል። በደንብ እየተሠራ ከሆነ ድምፅ ብዙም አይሰማም፤ የሚንቋቋ ድምፅ በረዶው እየተጋጨና እየተሰባበረ መሆኑን ይጠቁማል። ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ የብርጭቆው ውጫዊ ግድግዳ ጤዛ ይለብሳል፣ ፈሳሹም ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ በማንኪያው ጫፍ ጥቂት መቅመስ ያስፈልጋል። አፍንጫን የሚወጋና ምላስን የሚያቃጥል ከሆነ አሥር ሰከንድ ይጨመራል፤ ለስላሳ ሆኖ የጥዱና የቅጠሉ መዓዛ ከተለየ ወዲያው መቆም ይገባል። እንደ በረዶው ሁኔታ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ውሃ ይገባል ተብሎ ሲሰላ፣ 75 ሚሊ ሊትር የነበረው ፈሳሽ ወደ 100 ሚሊ ሊትር ያድጋል፣ የአልኮል መጠኑም ከ36 በመቶ አካባቢ ወደ 27 በመቶ አካባቢ ይወርዳል።

ጂኑን በፍሪዘር የሚያስቀምጥ ሰው ይህ ስሌት እንደሚለወጥበት ማወቅ አለበት። በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነ የቤት ፍሪዘር 40 በመቶ አልኮል ያለው ጂን ይወፍራል እንጂ አይረጋም፤ ነገር ግን አስቀድሞ ስለቀዘቀዘ በረዶውን እምብዛም አያቀልጠውም፣ ውጤቱም በጣም ቀዝቃዛ ሆኖ ጥንካሬው ያልበረደ መጠጥ ይሆናል። ለንደን የሚገኘው የዱክስ ሆቴል ባር የታወቀው ከፍሪዘር የወጣ ጂን ያለ በረዶ በቀጥታ ብርጭቆ ውስጥ በመቅዳት ሲሆን፣ ያው ባር ለአንድ እንግዳ ከሁለት ማርቲኒ በላይ አለመሸጡም በዚሁ የመጠጡ ጥንካሬ ምክንያት ነው። በቤት ውስጥ በፍሪዘር ጂን የሚሠራ ሰው ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በመለኪያ ጨምሮ ቢያማስል የተመጣጠነ መጠጥ ያገኛል።

በክዳን ዘግቶ መናጥስ? መናጥ መጠጡን ፈጥኖ ያቀዘቅዛል፣ ግን አየርና የበረዶ ስብርባሪ ስለሚያስገባ ጥርት ያለውን ፈሳሽ ያደፈርሰዋል፣ ውሃውንም ያበዛዋል። ጭማቂ ወይም ክሬም ያለባቸው ኮክቴሎች መናጥ ይፈልጋሉ፤ ማርቲኒ ግን ሐር መሰል ለስላሳነቱን የሚያገኘው በመማሰል ነው።

6. ማጥለልና ማጣፈጥ

ብርጭቆው ከፍሪዘር የሚወጣው በዚህ ቅጽበት ነው። መጠጡ በማጥለያ ወደ ብርጭቆው ይቀዳል፤ በማማሰያው ውስጥ የቀረው በረዶ ተመልሶ አይጨመርም፣ ለሁለተኛ ዙርም አያገለግልም።

ልጣጭ የሚመርጥ ሰው ከታጠበ ሎሚ አውራ ጣት የሚያህል ቁራጭ ይልጣል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጭ ክፍል መራራ በመሆኑ በተቻለ መጠን መቅረት አለበት። ቁራጩ ቀለም ያለው ፊቱ ወደ መጠጡ ዞሮ በሁለት እጅ ጣቶች መካከል ተይዞ ጠመም ይደረጋል፤ ብርሃን ባለበት ቦታ ከተሠራ ከቅርፊቱ የሚረጨው ዘይት እንደ ስስ ጉም ሲወርድ፣ ከዚያም በመጠጡ ገጽ ላይ ጥቃቅን ክቦች ሠርቶ ሲንሳፈፍ ይታያል። የሚፈለገው ይህ ዘይት እንጂ ጭማቂው አይደለም፤ ጭማቂ መጭመቅ መጠጡን ያኮመጥጠዋል። እዚህ ላይ የሎሚው ዓይነት ልዩነት ያመጣል። የማርቲኒ ሎሚ ትልቁ፣ ቢጫውና ወፍራም ቅርፊት ያለው ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ገበያ በብዛት የሚገኘው ትንሹ ሎሚ ግን ቅርፊቱ ስስ፣ ዘይቱም ስለታም ነው። ትልቁ ካልተገኘ የትርንጎ ቅርፊት ከትንሹ ሎሚ ይልቅ ይቀርበዋል፤ መዓዛው ጥልቅ ስለሆነም ትንሽ ቁራጭ ይበቃል።

ወይራ የሚመርጥ ሰው በጨው ውሃ የተቀመጠ አረንጓዴ የወይራ ፍሬ አንድ ወይም ሦስት በእንጨት ስንጥር ሰክቶ ያስገባል። በዘይት የተቀመጠ ወይራ በመጠጡ ላይ የቅባት ሽፋን ስለሚተው አይሆንም። ፍሬው አስቀድሞ በፍሪጅ መቀዝቀዝ አለበት፤ ከመደርደሪያ የወጣ ሦስት ፍሬ ወይራ በድካም የተገኘውን ቅዝቃዜ መልሶ ይወስዳል። በኢትዮጵያ ለቤት ማጠኛ የሚታወቀው የወይራ ዛፍ ይህን ፍሬ የሚሰጠው ዛፍ ዘመድ ቢሆንም ጥቃቅን ፍሬው ለዚህ አገልግሎት አይውልም። ልጣጭና ወይራ አብረው አይገቡም፤ ልጣጩ መጠጡን ወደ አበባና ጥድ፣ ወይራው ወደ ጨውና ቅጠል ስለሚስቡት አንዱ የሌላውን ያጠፋዋል።

7. መጠጣት

ማርቲኒ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በትንንሽ ጉንጭ ይጠጣል። ብርጭቆው ትንሽ መሆኑ ማንንም ማታለል የለበትም፦ ከላይ በተሰጠው ልክ የተሠራ አንድ ማርቲኒ ወደ 21 ግራም ንጹሕ አልኮል ይይዛል፤ ይህም 5 በመቶ አልኮል ካለው የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ አንድ ተኩል ጠርሙስ ይበልጣል። ሁለት ማርቲኒ የጠጣ ሰው ሦስት እንዲህ ያሉ ቢራዎች እንደጠጣ መቁጠር ይችላል፣ ያውም ባነሰ ጊዜ። ስለዚህ ባዶ ሆድ ላይ መጠጣት አይገባም፣ ከጎኑም ውሃ መቅረብ አለበት፣ የሚያሽከረክር ሰውም ፈጽሞ አይጠጣውም። ነፍሰ ጡር ሴትና ከአልኮል ጋር የማይስማማ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሊቀርብላቸው አይገባም።

የሚቀርበው ምግብ ጨው ያለውና ደረቅ ቢሆን ይስማማል፤ የተቆላ ለውዝ፣ ጠንካራ አይብ፣ በጭስ የተዘጋጀ ዓሣ ለዚህ ይሆናሉ። የገብስና የሱፍ ቆሎ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት፣ ከእነዚህ ሁሉ የማያንስ አጃቢ ነው። በርበሬ የበዛበት ወጥ ግን ከማርቲኒ ጋር አይሄድም፤ አልኮል ማቃጠሉን ስለሚያጎላው ምግቡም መጠጡም ይጎዳሉ። ማርቲኒ ከማእድ በፊት ይጠጣል፣ ማእዱ ሲቀርብ ብርጭቆው ይነሣል።

8. መለዋወጥ

መሠረቱን የለመደ ሰው ከሚሞክራቸው መካከል ከሁሉ ይልቅ ልፋት የሚገባው ግማሽ በግማሽ የሚባለው፣ ማለትም 40 ሚሊ ሊትር ጂንና 40 ሚሊ ሊትር ደረቅ ቬርሙት ነው። የአልኮል መጠኑ ያነሰ በመሆኑ ለረጅም ምሽት ይመቻል፣ የቬርሙቱም ጥራት በግልጽ ይታይበታል፤ በዚህ ልክ ሲሠራ የተበላሸ ቬርሙት መደበቂያ የለውም። የማማሰያው ጊዜ አጠር ማለት አለበት፣ ምክንያቱም መነሻው ቀድሞውኑ ለስላሳ ነው።

የወይራ ጨው ውሃ የሚጨመርበት «ደርቲ ማርቲኒ» በአምስት ሚሊ ሊትር ቢጀመር ይበቃል፤ ከዚያ ሲበዛ የጂኑ መዓዛ በጨው ይዋጣል። በወይራው ፋንታ በኮምጣጤ የተቀመጠ ትንሽ ሽንኩርት ሲገባበት መጠጡ ጊብሰን ይባላል። በጂን ፈንታ ቮድካ የሚጠቀሙ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ግን ቮድካ የራሱ መዓዛ እምብዛም ስለሌለው የቬርሙቱን መጠን ከፍ ማድረግ ይጠቅማል። ኢያን ፍሌሚንግ በ1953 በታተመው «ካሲኖ ሮያል» ልብ ወለድ ያስተዋወቀው ቬስፐር ሦስት እጅ ጂን፣ አንድ እጅ ቮድካና ግማሽ እጅ ኪና ሊሌ የሚባል የወይን መጠጥ ይወስዳል፤ ኪና ሊሌ ዛሬ በዚያ መልኩ ስለማይመረት በሊሌ ብላን ይተካል። ይህ መጠጥ ጠንካራ ስለሆነ መጠኑን በግማሽ ቀንሶ መሥራት ተገቢ ነው።

ኤስፕሬሶ ማርቲኒ የሚባለው የለንደኑ ባርማን ዲክ ብራድሴል የፈጠረው ሲሆን፣ በብርጭቆው እንጂ በይዘቱ ማርቲኒ አይደለም። 50 ሚሊ ሊትር ቮድካ፣ 30 ሚሊ ሊትር እንደ ካሉዋ ያለ የቡና ሊከር፣ 10 ሚሊ ሊትር የስኳር ሽሮፕና አንድ ትኩስ ኤስፕሬሶ በበረዶ በኃይል ይናጣሉ፤ አረፋው የሚገኘው በመናጡ ስለሆነ ማማሰል እዚህ አይሆንም። የይርጋጨፌ ወይም የሲዳማ ቡና በመጠኑ ተቆልቶ ከማሽን ሲወጣ የሚሰጠው የፍራፍሬ መዓዛ ከጣፋጩ ሊከር ጋር ሲገናኝ ድንቅ ነው። የጀበና ቡና ከመጠቀም ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው አጥብቆ አፍልቶ፣ አተላው እስኪዘቅጥ ጠብቆ ከላይ ከላይ መቅዳትና ስስ አረፋ መጠበቅ ይኖርበታል። በምሽት ሲቀርብም ቡናው እንቅልፍ እንደሚነሳ ለእንግዳው መንገር ተገቢ ነው።

9. ለብዙ እንግዳ አስቀድሞ ማዘጋጀት

ሰባት እንግዳ ሲመጣ እያንዳንዱን ብርጭቆ ለየብቻ ማማሰል አስተናጋጁን ከእንግዶቹ ይለየዋል። በዚህ ጊዜ ውሃውን ከበረዶ ከመጠበቅ ይልቅ በመለኪያ መጨመር ይቻላል፦ 420 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 105 ሚሊ ሊትር ደረቅ ቬርሙትና 175 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ በታጠበ የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይቀላቀላል። ጠርሙሱ ከዋዜማው ጀምሮ በፍሪጅ ያድራል፣ እንግዶቹ ከመድረሳቸው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት አስቀድሞ ደግሞ ወደ ፍሪዘር ይዛወራል። ሌሊቱን ሙሉ በፍሪዘር ማሳደር አይገባም፤ ውሃው ስለተጨመረበት እንደ ንጹሕ ጂን ብርድን አይቋቋምም፣ በውስጡም የበረዶ መርፌዎች ይፈጠራሉ፤ እንዲህ ከሆነ ጠርሙሱን በፍሪጅ አቆይቶ በረዶው ሲጠፋ ገልበጥ ገልበጥ ማድረግ ይበቃል። መጠጡ በቀዘቀዙ ብርጭቆዎች መቶ መቶ ሚሊ ሊትር እየሆነ ይቀዳል። ልጣጩ በጠርሙሱ ውስጥ አስቀድሞ አይገባም፣ ሲቆይ ምሬቱን ያወጣልና፤ በእንግዳው ፊት፣ ብርጭቆው ከተቀዳ በኋላ፣ አንድ በአንድ ይጠመዘዛል።